ጫፉን ራሱ የሚቋጭ ሰው

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። አራዳ ግን መስከረምን የሚጠብቅ ሰፈር አልነበረም፤ ጉዱን በየገበያው ቀን ይሰማል፣ ለሚቀጥለው ገበያ ይረሳዋል። ዓመታት አልፈው ያልተረሳ አንድ ጉድ ብቻ ነበረ፤ እሱም አባይነህ የኩታውን ጫፍ ራሱ መቋጨቱ ነው።

ከሸማኔ እጅ የወጣ ኩታ ጫፍና ጫፉ ላይ ፈትሉ ተበትኖ ይንጠለጠላል። ያንን ፈትል ጥቂት ጥቂት እየያዙ፣ ጭን ላይ እያከረሩ መቋጨት የሴት ሙያ ነው። የአባይነህ ሚስት ትርሓስ ደግሞ በዚህ ሙያ ከጊዮርጊስ እስከ እሪ በከንቱ የሚወዳደራት አልነበረም። የመኳንንት ሚስቶች ገረድ እየላኩ ያስለምኗታል። ባሏ ግን ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቅና፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ እንጦጦን ሲወጣና ሲወርድ በኖረ ጭኑ ላይ ፈትል ያከራል። ሥራውም አያምርም፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወዲያ የዞረ፣ አንዱ ወዲህ። የአራዳ ልጅ ይህን አይቶ ዝም አይልም።

«አባይነህ፣ እንዝርቱንስ መቼ ልትጀምር ነው?» ይሉታል።

«እናንተ ወሬያችሁን ስትጨርሱ» ይልና ሥራውን ይቀጥላል።

ገሚሱ ሚስቱን ንቆ ነው አለ። ገሚሱ ደግሞ መተት ተደርጎበት ነው አለ። ሁለቱም አልነበረም። የነገሩ ሥር ያለው እንጦጦ ላይ ነው፣ ያኔ አራዳ በየዓመቱ ይሮጠው በነበረው ሩጫ ውስጥ።

ያንን ሩጫ ማንም ሩጫ ይሁን ብሎ አልጀመረውም። ሐድጉና መድኃኔ የሚባሉ ሁለት የበቅሎ አሽከሮች በአንድ ኮርቻ ተጣሉ። በዚያ ዘመን ሁለት ሰው ሲካሰስ የአንዱ ኩታ ጫፍ ከሌላው ኩታ ጫፍ ጋር ይቋጠርና፣ ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ ተቆራኝተው ይውላሉ። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አንዱ ሜዳ ሲወጣ ሌላው ፊቱን አዙሮ ይቆማል። ከቁራኛው ያመለጠ ሰው እውነት ቢኖረውም ተረታ። እነ ሐድጉን ገበያው ዋርካ ሥር የነበረ ዳኛ «እንጦጦ ራጉኤል ወጥታችሁ ማሉ» አላቸው። ቀኑ የእንቁጣጣሽ ማግስት ነበር። ዳገቱ መሐል ላይ በረዶ ወረደባቸውና እንደተቋጠሩ ሮጡ። አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ጎትቶ ይጥላል፣ ሌላው ሲነሣ ያኛውን ጎትቶ ያነሣል። ራጉኤል ደጃፍ ሲደርሱ ሳቅ ይዟቸው መማል አቃታቸው። ኮርቻው የማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

በዓመቱ በዚያው ቀን ሌሎች ሁለት አሽከሮች «እኛ ከእነሱ እንፈጥናለን» ብለው ኩታቸውን ቋጠሩ። አሽከሮቹ የራጉኤል ጽዋ ነበራቸውና ማኅበሩ ነገሩን የራሱ አደረገው። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ማግስት ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ጫፍ ለጫፍ ተቋጥረው፣ ከዋርካው ሥር ይነሣሉ። በጉለሌ አድርገው ዳገቱን ይወጣሉ፣ የራጉኤልን ደጃፍ ተሳልመው ይመለሳሉ። ሕጉ የቁራኛ ሕግ ነው፤ ቋጠሮውን ያመጣ ረታ፣ ያመለጠ ተረታ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የሚሉት፣ ዋርካው ሥር ተቀምጦ የሚያየው ቋጠሮውን ነበር። ሰዎቹን መቁጠር ለማንም ትዝ አላለውም፤ ቋጠሮ ካለ ሁለት ሰው አለ ማለት ነዋ። ያን ጊዜ ሽልማቱ ከጽዋው ቀድሞ መጠጣት ብቻ ነበር፤ ሩጫው ያማረውም ያን ጊዜ ነበር። በኋላ መኳንንቱ ዣንጥላ አስይዘው መምጣት ጀመሩ፤ ትልቅ ሰው የሚያየው ጨዋታ ደግሞ ጨዋታ ሆኖ አይቀርም።

አባይነህና ካላዩ የአንድ ፊታውራሪ አሽከሮች ነበሩ። ሥራቸው በጌታቸው በቅሎ ፊት እየሮጡ መንገድ ማስለቀቅ ነው። አባይነህ የመንዝ ሰው ነው። የሰው መሬት ላይ ተወልዶ፣ አባቱ እርሻው ከነቡቃያው ተነጥቆ ሲባረር በዓይኑ አይቷል። ካላዩ ከአጋሜ እህቱን ትርሓስን ይዞ የመጣ ሲሆን፣ አባይነህን ካወቀው ቀን ጀምሮ በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «ሓወይ» ነው የሚለው፣ ወንድሜ ማለቱ ነው። አባይነህ ትርሓስን ሲያገባ ደግሞ ቃሉ እውነት ሆነ። ሦስቱም እሪ በከንቱ ገደሉ አፍ ላይ፣ ፊታውራሪው መሬት ላይ፣ መሐሉ በጭቃ ግድግዳ በተከፈለ አንድ ጎጆ ይኖሩ ነበር።

አራት ዓመት በተከታታይ የረቱት እነሱ ናቸው። አባይነህ ዳገት ይችላል፣ ካላዩ ቁልቁለት። ሲሮጡ አይነጋገሩም፤ በኩታው ጫፍ ነበር የሚግባቡት። አንድ ጊዜ ሳብ ከተደረገ ቀስ በል ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ሲሆን ፊትህ ድንጋይ አለ። ሁልጊዜ የሚቋጠረው የአባይነህ የግራ ጫፍና የካላዩ የቀኝ ጫፍ ነበር፤ ትርሓስም እነዚያን ጫፎች ከሌላው ይበልጥ አጥብቃ ትቋጫቸው ነበር።

በአምስተኛው ዓመት፣ ጳጉሜን ሲገባ፣ ፊታውራሪው ሁለቱን ጠሩና ከሌላ መኮንን ጋር መፎካከራቸውን ነገሯቸው። «ቋጠሮውን ቀድሞ ላመጣልኝ፣ ጎጇችሁ ያለበትን ቦታ ከነገደሉ አፍ ሰጥቼዋለሁ» አሉ።

አባይነህ ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደውም። ማንም ተነሥቶ ውጣ የማይለው መሬት ሊኖረው ነው። ጠዋት ጠዋት ቦታውን እየዞረ ድንጋይ ያነሣል፣ ያስቀምጣል። «አንድ ግቢ፣ ሁለት በር» አለው ካላዩን። «ያንተ ወደ መንገዱ ይሁን፤ አንተ ሰው ትወዳለህ። የእኔ ወደ ምሥራቅ። በምሥራቅ በኩል ለትርሓስ ሰፊ ደጅ እሠራለሁ፤ ጨለማ ውስጥ ስትቋጭ ዓይኗ እየጠፋ ነው።»

«ጥሩ አስበሃል፣ ሓወይ» አለ ካላዩ።

ይህን ለካላዩ ነገረው። ለትርሓስ ግን አልነገራትም። ተሠርቶ ስታየው ይሻላል አለ፤ ደግሞም ሚስቱን አስቀምጦ እንዲህ አስቤልሻለሁ የሚል ሰው አልነበረም። የመንዝ ሰው ፍቅሩን እንደ ዘር እህል ይደብቃል፤ ሲደብቅም አንዳንዴ ይነቅዝበታል።

በቀኑ ጭጋግ ነበር። አሥራ አንድ ጥንድ ተቋጥሮ ተነሣ። ጉለሌን ሲያልፉ አባይነህ ካላዩን ከኋላው እየሳበ ሁሉንም ጥሎ ወጣ፤ ራጉኤልንም ቀድመው ተሳለሙ። ቁልቁለቱ ላይ እንደ ልማዳቸው ካላዩ ፊት ሆነ። ባሕር ዛፉ መሐል፣ መንገዱ ረግፎ በረጠበ ቅጠል በሚያንሸራትትበት ጥምዝ ላይ ካላዩ በድንገት ወደ ግራ ዘለለ። ሁለት ጊዜ ሳብ አላደረገም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሙሉ ኃይሉ ጎተተ።

አባይነህ በግንባሩ ወደቀ። ሲነሣ የኩታው የግራ ጫፍ የለም። ካላዩ ያላወቀ መሰለውና «ካላዩ፣ ተበጥሷል!» ብሎ ተጣራ። ካላዩ አልቆመም። እየሮጠ ከኩታው ላይ የተንጠለጠለውን ቋጠሮ ሰበሰበና፣ የአባይነህን ቁራጭ እንዳይወድቅ አድርጎ መታጠቂያው ውስጥ ሸጎጠው። ወደ ኋላ ዞሮም አላየም።

አባይነህ ያን ጊዜ ገባው። የወደቀበት አላመመውም፤ ያመመው ያ አሸጓጎጥ ነው። የደነገጠ ሰው እጅ አልነበረም፣ የተዘጋጀ ሰው እጅ ነበር።

ተከትሎት ቢሮጥ ይደርስበት ይሆን ነበር። እሱ ግን ሕግ አዋቂ ነበርና የቁራኛ ሕግ ያዘው። ቁራኛው የተበጠሰበት ሰው ከቦታው ንቅንቅ ካለ አምላጭ ይባላል፤ እዚያው ቆሞ በሕግ መጣራት፣ ምስክር መያዝ አለበት። «በሕግ አምላክ ቁም!» አለ። ይህን ሰምቶ የማይቆም ሰው በአገሩ አልነበረም፤ የተቆጣ ወታደር ይቆማል፣ የሰረቀ ሌባ ይቆማል። ካላዩ ቁልቁለቱን ወረደ። አባይነህ ሌሎቹ ጥንዶች እየሳቁበት ሲያልፉ፣ ሕጉን አምኖ፣ ዛፍ መስሎ እዚያው ቆመ። በኋላ አንዲት እንጨት ተሸካሚ መጣች። የተበጠሰውን ጫፍና የቆመበትን ቦታ አሳይቶ ምስክር ቆጠራትና ከእሷ ጋር ወረደ። ልቡ አዝኖ ነበር እንጂ አልፈራም። ሕግ በእጄ ነው ይል ነበር።

ዋርካው ሥር ሲደርስ ካላዩ ተቀምጦ ጠላ ይጠጣል። የማኅበሩ ሙሴ አቶ ገብረሕይወት፣ ዕድሜያቸውን ድንኳን ሲሰፉ የኖሩ ሽማግሌ፣ ቋጠሮውን በእጃቸው ይዘዋል። ፊታውራሪው ዣንጥላቸው ሥር ሆነው ሰማዩን ያያሉ።

«ልጄ፣ ቋጠሮው መጥቷል። አንተ የት ነበርክ?» አሉ አቶ ገብረሕይወት።

«ካላዩ አምልጦኝ ነው። እሷ ምስክሬ ናት፤ እዚያው ቆሜ ነው ያገኘችኝ። ሕጉን ያውቁታል፤ ያመለጠ ተረታ።»

«ሕጉንማ አውቀዋለሁ። የካላዩ ኩታ ግን ሙሉ ነው። የጎደለው ያንተ ነው። በቁራኛ ጫፉ የጎደለ ነው አምላጩ።»

አባይነህ ኩታውን ተመለከተ። ይህን አላሰበውም ነበር። አራዳ ሳቀ፤ አንዱም ከኋላ «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አለ፣ ፈረሱ ማን እንደሆነ ሳይናገር።

«በሕግ አምላክ ብዬዋለሁ፤ አልቆመም» አለ አባይነህ።

«ሰምተሃል?» አሉት ካላዩን።

«ነፋስ ነበረ» አለ ካላዩ ጠላውን እያየ።

አቶ ገብረሕይወት ግን ቁራጩን ማገላበጣቸውን አልተዉም። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ በጥፍራቸው ጫሩት። «ጨርቅ ሲቀደድ ጥርስ ያወጣል» አሉ። «ይህ ጥርስ የለውም። አስቀድሞ ተቆርጦ በቀጭን ክር ተይዞ ነበር፤ የመርፌው ቀዳዳ ይኸው። ስፌቱ እንዳይታይም ከላዩ ተቋጭቶበታል። አባይነህ፣ ኩታህን ማን ነው የሚቋጭልህ?»

ሳቁ ቆመ። አባይነህ ቁራጩን ከሽማግሌው እጅ ተቀበለ። ፈትሉ እኩል፣ ቀጭን፣ አንድም የተዛነፈ የሌለው። ያን እጅ በጨለማ ቢዳብሰው ያውቀዋል። ቀና ሲል ትርሓስ ከሴቶቹ መሐል ቆማለች። ሴቶቹ ሁሉ እሱን ሲያዩ እሷ ብቻ መሬት መሬት ታያለች።

ካላዩ ቢከዳው የእናቱ ልጅ አይደለም፣ ኋላ ያገኘው ሰው ነው። ይህች ግን በአንድ ትራስ አብራው የተኛች፣ ላቡን ያጠበችለት፣ ሲያስለው ተነሥታ ውኃ የምታቀርብለት ናት። ቢጠራት ምን እንደሚሆን ያውቃል። ጠርተው፣ የኩታዋን ጫፍ ከእሱ ጫፍ ጋር ቋጥረው፣ አራዳ ፊት ከሳሽና ተከሳሽ ያደርጓቸዋል። ከገዛ ሚስቱ ጋር ተቆራኝቶ በገበያ መሐል ሲሄድ ታየው። ቦታው በአንድ ወገን፣ ይህ ውርደት በሌላ ወገን ሆኖ ቆመ።

«ራሴ ነኝ» አለ።

«አንተ? ቋጨህ?»

«ራሴ ቋጨሁት።»

አራዳ እንዲያ ስቆ አያውቅም። አቶ ገብረሕይወት አልሳቁም፤ እንዳላመኑት ፊታቸው ይናገራል፤ ግን ባለቤቱ ያመነውን ነገር ዳኛ ምን ያደርገዋል? ለማምለጥ ኩታውን አስቀድሞ የቆረጠ ተብሎ ተረታ። ከጽዋው ማኅበርም ወጣ። ፊታውራሪው ዝናቡ ሳይመጣ ቦታውን ለካላዩ ሰጡ። ካላዩ ተነሣና ሕዝብ እየሰማ እጁን ትከሻው ላይ አደረገለት።

«ሓወይ፣ ማን ውጣ አለህ? ኑርበት» አለው።

አባይነህ እጁን ከትከሻው ላይ አውርዶ ሄደ።

ሲመሽ ቤቱ ገባ። ትርሓስ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች፤ እራት አልሠራችም። እሱም አልጠየቀም።

«ምን አድርጌሽ ነው?» አላት።

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«ካላዩ ነው» አለች፤ ቆይታ። «ቦታ ያገኘ ወንድ ወላድ ይፈልጋል አለኝ። አባይነህ ነግሮኛል፣ መሬቱ በእጁ ሲገባ ይፈታሻል አለኝ። በእኔ ስም ከሆነ ግን ማንም አያስወጣሽም፣ ወንድምሽ ነኝ አለኝ። ይኸው ስድስት ዓመቴ፣ አልወለድኩልህም። የት እገባ ነበር?»

«እፈታሻለሁ ብዬሽ አውቃለሁ?»

«ምን ብለኸኝ ታውቃለህ?»

የአባይነህ ንዴት አፉ ውስጥ ነበር፤ ሊወጣ ሲል ሌላ ነገር ወጣ።

«በምሥራቅ በኩል ደጅ ልሠራልሽ ነበር፤ ፀሐይ ላይ እንድትቋጪ። ለካላዩ ነግሬዋለሁ።»

ትርሓስ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከግድግዳው ባሻገር ካላዩ ከእንግዶች ጋር ይጫወታል። አንድ ወንድም ሁለቱንም በአንድ መርፌ እንደሰፋቸው ያን ጊዜ ገባት፤ ግን መግባቱ ያደረገችውን አልመለሰውም። ይቅር በለኝ ብላ እግሩ ላይ ወደቀች። አንሥቷት ጋደም አለ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው፤ ይቅር ግን አላለም።

ጠዋት ሸማኔ ዘንድ ሄዶ አዲስ ኩታ አመጣ። ትርሓስ እጇን ዘረጋች። አልሰጣትም፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መቋጨት ጀመረ። ራሴ ቋጨሁት ብሎ በሕዝብ ፊት ዋሽቷል፤ ውሸቱ ከተነቃ እሷ መጠራቷ ነው። ስለዚህ እውነት ማድረግ ነበረበት። ይህ አንዱ ምክንያት ነው፤ ለራሱም የሚነግረው ይህን ነበር። ሌላው ምክንያት ጫፉን ዳግመኛ በእሷ እጅ ለመተው ልቡ እምቢ ማለቱ ነው። የትኛው እንደሚበልጥ አራዳ አያውቅም። እሷ ግን ታውቅ ነበር።

ሩጫውም ከዚያ ዓመት በኋላ አልጠናም። ተቋጣሪዎቹ ከመነሣታቸው በፊት አንዱ የሌላውን ጫፍ መዳበስ ጀመሩ። መኳንንቱ በየጥምዙ የየራሳቸውን ምስክር አቆሙ። ከዚያ «አንተ ያሰፋኸውን እኔ በምን አውቃለሁ» እየተባባሉ መቋጠር እምቢ አሉ። የፍርድ ቁራኛም እየቀረ ሲሄድ፣ ሕጉን የማያውቅ ልጅ ሁለት ሰው ተቋጥሮ ሲሮጥ ቢያይ እብድ መሰለው። በመጨረሻው ዓመት ሁለት ጥንድ ብቻ ተነሣ፤ አንደኛው ጉለሌ ላይ ተጣልቶ ተመለሰ። በዓመቱ የእንቁጣጣሽ ማግስት ዋርካው ሥር ማንም አልመጣም።

ካላዩ ቦታውን ሸምሰዲን ለሚባል ነጋዴ ሸጦ፣ ለእህቱ እንኳ ሳይነግር፣ አገሩ ገባ። ሸምሰዲን ደግ ሰው ነበርና ክረምቱ እስኪያልፍ ጊዜ ሰጣቸው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይላሉ፤ ትርሓስ ዘመድም አመድም አልቀረላትም። ዕቃቸውን ተሸክመው ወደ ኪራይ ቤት ሲወርዱ አባይነህ ፊት ፊት ይሄዳል፣ እሷ ከኋላ። አልተፋቱም። ጥቂት ነገር ይነጋገራሉ፤ እንጨት አለቀ፣ ጣራው አፈሰሰ፣ እገሌ ሞተ። እሷ የአገሩን ኩታ ሁሉ ስትቋጭ፣ እሱ ከእሷ አጠገብ የራሱን ይቋጫል።

አባይነህ የሞተው ጣሊያን ሊመጣ ነው የሚባለው ወሬ አገሩን ባስጨነቀበት ዓመት፣ በጥቅምት ነው። ሴቶች ሊገንዙት መጡ። ትርሓስ ፈትሏን አውጥታ ከልብሱ ሣጥን አጠገብ ተቀመጠች።

«መግነዙን እኔ ነኝ የምቋጨው» አለች። «አሁን አይከለክለኝም።»

ሣጥኑን ከፍታ ለመግነዙ ያስቀመጠውን ነጭ ኩታ አወጣች። አዲስ ነው፣ አልተለበሰም። የመጀመሪያውን ጫፍ ዘረጋች፤ ተቋጭቷል፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። ሁለተኛውም ተቋጭቷል። ሦስተኛውም። የግራውን ጫፍ፣ ያን ዓመት የቆረጠችውን ወገን፣ መጨረሻ አስቀረችው። እጇ ዘገየ። ምናልባት ይህችን ለእኔ ትቷት ይሆናል አለች በልቧ፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ እንኳ ተስፋ አድርጋ ነበር።

ገለጠችው። ተቋጭቷል። ከሥሩም እንዳይበጠስ ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል።

ሴቶቹ ምን ሆንሽ አሏት። ምንም አለች፤ ፈትሏን ሰብስባ ኩታውን አቀበለቻቸው።